ይህን ያነበበ ይውጣ

መጀመሪያ የተሰማት ድምፁ ነው። ጥቅጥቅ ያለ፣ የማያቋርጥ፣ አንበጣ የሰፈረበት የበቆሎ ማሳ የሚመስል ድምፅ። ውባለም ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ስለነበር ከጥቁሩ ሰሌዳና ከራሷ እጅ በቀር የሚታያት ነገር አልነበረም። ከኋላዋ ግን ስልሳ አራት እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ይሮጣል። ስትጽፍ ይነሣል፤ ስትቆም ይቆማል።

"አሁን!" አለች በልቧ።

ጠመኔውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ስለ ሐይቆች አፈጣጠር በእንግሊዝኛ በምትጽፈው ኖት መሐል፣ ሳታሰምርበት፣ ቀለም ሳትለውጥ፣ መስመር እንኳ ሳትዘልል፣ በዚያው በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አደረገች፦ ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቦ የተረዳ ተማሪ፣ ለማንም ምንም ሳይናገር፣ ተነሥቶ ከክፍል ይውጣ።

ነጥቡን አድርጋ ጆሮዋን ጣለች። እስክሪብቶዎቹ እየሮጡ መጡ፤ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ደረሱ፤ አለፉት። ያደናቀፈው አንድም አልነበረም።

ዞር አለች። የአሥረኛ ዲ ተማሪዎች አቀርቅረዋል። በስተኋላ አንድ ልጅ እጁን ሲያወጣ ልቧ ዘለለ።

"አቤት፣ ምን አየህ?"

"ቲቸር፣ የሦስተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ያለው ቃል አይታይም። የመስኮቱ ነጸብራቅ መታው።"

ቃሉ 'ይውጣ' የሚለው ነበር። ውባለም በእንግሊዝኛ አነበበችለት።

"አመሰግናለሁ፣ ቲቸር" አለና ጻፈው። ከፊቱ የተቀመጠችው ልጅም ወደ ኋላ ዞር ብላ ከእሱ ደብተር አስተካከለች።

ውባለም ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ግን መዋጥ አቅቷት ሾፌሩ ዞሮ እስኪያያት ስቃ ነበር። ያሳቃት በቦርሳዋ የያዘችው ያለፈው ሳምንት የፈተና ወረቀት ነው። ጥያቄው "በራሳችሁ አባባል አስረዱ" ይላል። ከስልሳ አራቱ አርባ አንዱ የሰሌዳውን ኖት ቃል በቃል ከጻፉ በኋላ መልሳቸውን የዘጉት "ነገ ይቀጥላል" ብለው ነው። ያን ቀን ደወል ስለ ተደወለባት ከኖቱ ግርጌ የጻፈችው እሷው ራሷ ነበረች። እነሱም አጥንተውት ኖሯል።

ሳቁ ባጃጁ ዋናው አደባባይ ሳይደርስ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ከስድስት ዓመት በፊት በዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለች እሷም እንደዚሁ ነበረች፤ የፊዚክስ ደብተሯን ስትገለብጥ ኖራ ምን እንዳለበት ያወቀችው ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ነው። እነዚህም ልጆች በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሰው ብሔራዊ ፈተና ላይ ይቀመጣሉ።

"ስሜነሽ፣ ደብተርሽን ይዘሽ ተነሺ።"

ስሜነሽ ከፊት ወንበር ተነሣች። አንደኛ የምትወጣ፣ ከዘንገና በኩል በእግሯ የምትመላለስ ልጅ ናት። ኖቷ በቀይና በሰማያዊ የተጻፈ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ነው፤ ፈተና ሲደርስ ግማሹ ክፍል ፎቶ ኮፒ ያደርገዋል።

"የመጨረሻውን አንቀጽ አንብቢልን።"

እንደ ውኃ አነበበችው፤ 'ይውጣ' ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነጥቡን ሳይቀር አስከበረችው።

"ጎበዝ። ምን አነበብሽ?"

"ኖት።"

ክፍሉ ሳቀ።

"ምን ይላል ማለቴ ነው።"

"ልድገመው ቲቸር?"

"አይ፣ አትድገሚው። ደብተሩን ዝጊና ንገሪኝ።"

ስሜነሽ ደብተሯን ዘጋች፤ ዓይኗንም ጨፈነች፤ ከዚያ የኖቱን መጀመሪያ ሁለት መስመር በቃሏ ወጣችው። አጨበጨቡላት። ውባለም ግን ከመድረኩ ወርዳ አጠገቧ ሄደች።

"እኔም ከዚያው ከእናንተ አካባቢ ነኝ፤ ታውቂያለሽ" አለቻት በአዊኛ። ክፍሉ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። ጂኦግራፊ ክፍል ውስጥ አዊኛ ተሰምቶ አያውቅም። "ደብተርሽን ግለጪ፤ ጣትሽን እዚህ ላይ አድርጊና ይህቺን አንዷን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ንገሪኝ። በአማርኛም በአዊኛም፣ በመጣልሽ።"

ስሜነሽ ደብተሯን ገልጣ ጣቷን አሳረፈች።

"ይህን… ዓረፍተ ነገር… ያነበበ።"

"እሺ።"

"የተረዳ ተማሪ።" ጣቷ ቀስ አለ። "ለማንም… ምንም… ሳይናገር…"

እዚህ ላይ ድምፅዋ ጠፋ። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጣቷን ወደ መጀመሪያው መለሰችና እንደገና ሄደችበት። ቀና ብላ ውባለምን አየቻት፤ ከዚያም በሩን።

"ቲቸር፣ እውነትዎን ነው?"

 ስሜነሽ እስክሪብቶዋን ዴስኩ ላይ አጋደመች፤ ከወንበሩ ተንሸራትታ ወጣች፤ በሩን ከፍታ ሄደች።

"ምን ሆነች?"

"አሟት ነው!"

"ኧረ ተቆጥታ ነው፣ አይተሃታል ፊቷን?"

የዴስክ ጓደኛዋ የስሜነሽን ደብተር ወደ ራሷ ሳበች፤ ጣቷን እንደሷው አድርጋ ጀመረች። መሐል ላይ ስትደርስ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ እሷም ተነሥታ ወጣች። ሦስተኛው ሲወጣ ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ ተደፉ፤ ያልገባው የገባውን በክርኑ ይጎስማል፤ የገባው "አልናገርም፣ አትናገር ይላል!" እያለ ይስቃል። ነጸብራቁ የጋረደው ልጅ በመጨረሻ "ወይኔ! ውጣ ነው እኮ የሚለኝ!" ብሎ ጮኸና ሁለት ዴስክ ዘልሎ ወጣ። ደቂቃ ሳይሞላ አሥረኛ ዲ ሙሉው ሜዳው ላይ፣ ጉሙ ውስጥ፣ እየተሳሳቀ ቆሟል።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ሀብቱ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ እንደ ያዙ ከቢሯቸው ሮጠው ወጡ።

"ምንድን ነው? ምን ተፈጠረ? እሳት ነው?"

"አይ፣ አንብበው ነው" አለች ውባለም።

"ምን?"

"አነበቡ!"

ተማሪዎቹ ተመልሰው ሲገቡ ጸጥ በሉ የሚል አላስፈለጋቸውም። ስሜነሽ ቁጭ እንኳ አላለችም።

"ቲቸር፣ ታዲያ ከዚህ በላይ ያለውም እንዲህ ትርጉም አለው ማለት ነው?"

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሁሉም ወደ ላይኛው አንቀጽ ተመለሱ። አንዱ አንድ ቃል ያነሣል፤ ሌላው ያቀብለዋል፤ የማያውቁትን ውባለም ትሰጣቸዋለች። በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ጉድጓድ፤ በውኃ የተሞላ፤ ክብ፤ ዙሪያው ገደል፤ ከስፋቱ ጥልቀቱ የሚያስገርም።

"ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ" አለች ስሜነሽ። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭናለች። "ይሄ ዘንገና ነው እኮ! በየቀኑ በጠርዙ አልፌ ነው የምመጣው! ከሰኞ ጀምሮ የምንገለብጠው ስለ እኛ ሐይቅ ነው?"

ከበሩ በስተውጭ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ተደወለ። ለዕረፍት የወጣ ተማሪ አልነበረም።

*

"ስልሳ አራቱም?" አለ የስፖርት መምህሩ ብሥራት፤ ሻዩ እየተንጠባጠበ። "እኔ ደግሞ ሜዳዬ ላይ ማን ሰልፍ ጠራ ብዬ ነበር።"

"መጀመሪያ ግን አንድም አልወጣም። ገለበጡት ነው የምልህ! 'ይውጣ' የሚለውን ቃል አጥርተው ለመጻፍ ጠየቁኝ!"

ብሥራት ሆዱን ያዘ። ውባለም መቀመጥ አልቻለችም፤ ስኒዋን ይዛ መምህራኑ ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች። "ዛሬ ስብሰባው ላይ አቀርበዋለሁ። በሁሉም ትምህርት፣ በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ፣ የመጀመሪያዋ አሥር ደቂቃ ለማንበብ። የዕለቱን አንቀጽ ያነባሉ፤ በራሳቸው ቃል ይናገራሉ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። በሒሳብም፣ በባዮሎጂም፣ በአንተም።"

"በእኔም? እኔ በኳስ ምን ላስነብብ?"

"ሕጉን! የኦፍሳይድን ሕግ አንብበው ሜዳ ላይ ቆመው ያሳዩህ።"

"እሱንማ ዳኞቹም አላነበቡት።"

ሳቁ ሳይበርድ ከመስኮቱ ሥር ረጋ ያለ ድምፅ መጣ። "ማንበብ የቋንቋ መምህር ሥራ ነው፣ ልጄ።"

ጋሽ ስማቸው ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ፣ ጋውናቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ የሰሌዳ ጽሕፈታቸው መጽሐፍ የሚያስንቅ። እዚህ ክፍል ውስጥ ሻይ ከሚጠጡት ግማሾቹ ተማሪዎቻቸው ነበሩ፤ ብሥራትም፣ አቶ ሀብቱም፣ ውባለምም። ስብሰባ ላይ እሳቸው እጃቸውን ሲያወጡ የሰባት ትምህርት ክፍል ተጠሪዎች እጅ አብሮ ይወጣል። ይህን ሁሉም ያውቃል።

"ጋሽ ስማቸው፣ ጥያቄውን ማንበብ ካልቻሉ ፊዚክሱን በምን ይሠሩታል?"

"በኖታቸው። አርባ ደቂቃ ነው ያለኝ። አሥሩን ወስደሽ ፖርሽኑን ማን ይሸፍንልኛል? አንቺ?"

"ተገልብጦ ያለቀ ፖርሽን ተሸፈነ ይባላል?"

ስኒዎች ሁሉ ቆሙ። ውባለም ጆሮዋ ሲግል ተሰማት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ "መምህርነት ያምርብሻል" ያሏት እኚሁ ሰው ነበሩ።

ብሥራት ጣልቃ ገባ። "ታዲያ ምን ያጣላናል? ይሞከራላ! በጋሽ ስማቸው አሥራ ሁለተኛ ቢ ይሞከር።"

"የእኔ ልጆች?" አሉ ስማቸው። ፈገግ አሉ። የዓመቱ ምርጥ ክፍል ነው። "ዓረፍተ ነገሩን ጻፊልኝ።"

በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ውባለም ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጠች። ስማቸው ፊደላቱን እንደ ዶቃ እየደረደሩ ሰሌዳውን ሞሉ፤ መሐል ላይ የተባለውን ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ከዚያ ቆሙ። ክፍሉ ጻፈ። ስማቸው ጥቂት ጠበቁና ዓረፍተ ነገሩን በጠመኔ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት።

"እዚህ ጋ ልብ በሉ።"

ሃምሳ ስምንት ተማሪ ቀይ እስክሪብቶ አወጣ። ሃምሳ ስምንት ተማሪ አሰመረበት።

የተነሣ የለም። ቸርኬው ተደወለ፤ በዚያን ጊዜ ሁሉም ደብተራቸውን ሰብስበው ወጡ።

ባዶው ክፍል ውስጥ ውባለምና ስማቸው ብቻ ቀሩ። ማሸነፏ ደስ አላላትም።

"አንብበዋል" አሉ ስማቸው ሳይዞሩ።

"አንብበው ለምን አልወጡም?"

"ጨዋ ስለሆኑ ነዋ! መምህር ቆሞ እያስተማረ ማን ጥሎት ይወጣል? እኔ እንደዚያ አላሳደግኳቸውም። ሰው ስላነበበ ብቻ ተነሥቶ አይወጣም፣ ውባለም። እኔም ብሆን አልወጣም። ስብሰባው ላይም የምናገረው ይህንኑ ነው።"

"እንግዲያው እኔም የማምንበትን እናገራለሁ፣ ጋሽ ስማቸው።"

"ተናገሪ። ማን ከለከለሽ?"

በሩ ላይ ደርሳ ዞር ስትል ዳስተሩን እንደ ያዙ ቆመው ነበር። ስማቸው ሰሌዳ ሳያጠፉ ከክፍል ወጥተው አያውቁም። አሁን ግን የራሳቸውን ጽሑፍ ትኩር ብለው እያዩ አላጠፉትም።

*

የሙደሲር ጽሑፍ ቤት ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ከጥጉ ደግሞ የሚሸጥ ጃንጥላና የላስቲክ ጫማ።

"መምህርት ውባለም! ልጆችሽን ጉሙ ውስጥ ሲዘሉ አየሁ። ዋንጫ በላችሁ እንዴ?"

"ከዋንጫ ይበልጣል። ተቀመጥና ጻፍልኝ፤ ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዛሬ ካልተወሰነ የመንፈቅ ዓመቱ ፕሮግራም ነገ ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ የሚነካው የለም።"

እሷ ቆማ ተናገረች፤ እሱ ጻፈ። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ 'ነገ ይቀጥላል'፣ ሁለተኛው ስለ ስሜነሽና ስለ ዘንገና ነበር። ሙደሲር በየመሐሉ "እ!" እያለ ራሱን ይነቀንቃል።

"ይቺን ልጅ በጽሑፏ ዐውቃታለሁ" አለ። "ዘንድሮ ኖቷን ያላባዛሁበት ሳምንት የለም። የማንንም ኖት ሳባዛ ደግሞ አነባለሁ፤ ማሽኑ ሲሠራ ዝም ብዬ ከማየው። የአሥራ አንደኛን ታሪክ ጨርሻለሁ፤ አሁን ባዮሎጂ ላይ ነኝ። ኩላሊት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ማን ነግሮኝ!"

ውባለም አየችው። በዚህ ሰፈር ከልጆቹ ደብተር አንብቦ የተደነቀ የመጀመሪያው ሰው ይህ ባለ ሱቅ መሆኑ ሊያስቃትም ሊያስለቅሳትም ደረሰ። መምህራኑ በየስብሰባው የሚታደላቸውን ወረቀት አሰበች፤ የመጀመሪያውን ገጽ ርዕስ አይተው፣ የመጨረሻውን ገጽ ፈርመው፣ ለሻይ ማስቀመጫ ያደርጉታል። እሷም ታደርገዋለች።

"ቀጥል" አለችው። ሦስተኛው አንቀጽ ስለ አሥሩ ደቂቃ አጠቃቀም ነበር። መሐሉ ላይ ሲደርስ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፦ "'ይህን ዓረፍተ ነገር አንብበው የተረዱ መምህር፣ ለማንም ምክንያቱን ሳይናገሩ፣ ከስብሰባው ተነሥተው ይውጡ።'"

የሙደሲር ጣት አየር ላይ ቀረ። "ይሄም ይጻፍ?"

"ይጻፍ።"

"እኔ እኮ አነበብኩት። ሱቄን ጥዬ ልውጣ?"

"አንተ መምህር አይደለህም።"

"እድሌ!" ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ሰበሰበ። "ማንም ባይወጣስ?"

"ተነሥቼ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።"

"ያኔ ሁሉም ይቀየሙሻል። ሐሳብሽንም አይቀበሉሽም። አዋረደችን ነው የሚሉት።"

"ዐውቃለሁ።"

ውባለም መስኮቱን አየች። ያን ዓረፍተ ነገር እንዲያጠፋላት አንድ ቃል ይበቃት ነበር። ሙደሲር ጣቱን ማጥፊያው ላይ አድርጎ ጠበቃት።

"ሠላሳ ስምንት ኮፒ" አለችው።

*

መምህራኑ በተማሪ ዴስክ ላይ ተጣበው ተቀመጡ። ወረቀቱ ታደለ፤ ተገለጠ፤ ታጠፈ። አንዱ ፊቱን ሊያራግብበት ሞከረ። ብሥራት ጀርባው ላይ የእግር ኳስ ሜዳ መሣል ጀመረ። ውባለም ከፊት ቆማ ስለ ጠዋቱ ተናገረች። 'ታዲያ ከዚህ በላይ ያለውም ትርጉም አለው?' ብላ ስሜነሽ የጠየቀችውን ስትነግራቸው አንድ ሁለት ሰው ቀና አለ። የባዮሎጂ መምህሯ "ውይ!" አለች።

ከዚያ ስማቸው ተነሡ።

ወረቀቱን አላነሡም፤ አልተቆጡም፤ ስለ አርባ ደቂቃ ተናገሩ፤ ስለ ስልሳ ተማሪ ተናገሩ፤ አንድ መጽሐፍ ለአምስት ልጅ መሆኑን ተናገሩ። ሁሉም እውነት ነው። "ኖት የማስገለብጠው ማንበብን ጠልቼ አይደለም" አሉ። "መጽሐፍ የሌለው ልጅ ቤቱ ይዞ የሚሄደው እሷን ብቻ ስለሆነ ነው። ስለ ዓረፍተ ነገሩም ጨዋታ ሰምታችኋል። ልጆቼ አንብበው ዝም ብለዋል። ጨዋ ሰው አንብቦ ዝም ይላል።" ተጠሪዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ውባለም ሰባቱንም ቆጠረቻቸው።

ብሥራት እጁን አወጣ። "እኔ አንድ ነገር ልበል። ሳቅንባት እንጂ ልጅቷ ያለችው…"

ስማቸው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወጡ፤ ከኪሳቸው ቀዩን እስክሪብቶ መዘዙ። "እስቲ ለመልስ እንዲመቸኝ፣ ነጥብ በነጥብ ልየው" ብለው ወረቀቱን ፊታቸው ዘረጉ።

ውባለም የብሥራትን ንግግር መስማት አቆመች። ቀዩን እስክሪብቶ ብቻ ነበር የምታየው። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አንድ ፊደል አረመ። ወረደ። ሁለተኛው አንቀጽ ዳር ላይ የጥያቄ ምልክት አደረገ፤ ስለ ዘንገና የሚናገረው ጋ ቆም አለና ምልክት ሳያደርግ አለፈ። ሦስተኛው ውስጥ ገባ። አንድ መስመር። ሁለት መስመር።

ቆመ።

ውጭ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ። እስክሪብቶው ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ተመለሰና ከቃል ወደ ቃል፣ ልክ የስሜነሽ ጣት እንደ ሄደው፣ ቀስ ብሎ እንደገና ሄደበት። ስማቸው ከመነጽራቸው በላይ ቀና አሉ። አዩዋት። ውባለም ዓይኗን ልትሰብር ፈለገች፤ አልሰበረችም።

"መልካም" አሉ አቶ ሀብቱ ሰዓታቸውን እያዩ። "ወደ ድምፅ እንሂድ። ጽሑፉን ሁላችሁም አንብባችኋል?"

"አንብበናል!" አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

ስማቸው የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠሙ። መነጽራቸውን አወለቁ። ወረቀቱን በአራት አጥፈው ከጋውናቸው የደረት ኪስ ከተቱና ዴስኩን ይዘው ተነሡ።

"ጋሽ ስማቸው?" አሉ አቶ ሀብቱ። "ድምፅ ልንሰጥ ነው እኮ። ወዴት ነው?"

 ስማቸው በዴስኮቹ መሐል፣ ጉልበት ለጉልበት እየተሻሹ፣ ወደ በሩ ሄዱ።

"ምነው፣ አመመዎት?" አለ ከተጠሪዎቹ አንዱ። "የተናገርነው ነገር አስቀይሞዎት ነው?"

ስማቸው ወደ ማንም አላዩም። ብሥራት አፉን ከፍቶ ሲያያቸው ቆየና ድንገት የሣለውን የኳስ ሜዳ ገለበጠው፤ ጣቱን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አሳርፎ ማንበብ ጀመረ። አጠገቡ የነበረችው የባዮሎጂ መምህሯ አየችውና ወረቀቷን ሳበች። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። ቤቱን የወረቀት ድምፅ ሞላው።

ስማቸው እጃቸውን በሩ እጀታ ላይ አድርገው ድምፁን አንድ አፍታ አዳመጡ። ከዚያ በሩን ከፍተው ወደ ዝናቡ ወጡ።